ሾፌር ቁጥር 2 ስሙ ማን ነው? ለተዋናይ መራጮች፣ ለስክሪፕት ጸሐፊዎችና ለዳይሬክተሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ተዋናይ ነኝ። ስሜን አታውቁትም፤ ፊቴን ግን ሳታዩት አትቀሩም። በር የሚከፍተው፣ ሻንጣ የሚሸከመው፣ ፊልሙ በተጀመረ በ15ኛው ደቂቃ ተተኩሶበት የሚወድቀው ሰውዬ እኔ ነኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ኦዲሽን ሄድኩ። የተላከልኝ አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ገጸ ባሕርዩ «ሾፌር ቁጥር 2» ይባላል። ሦስት መስመር ይናገራል። ሦስቱንም በቃሌ ይዤ ገባሁ። ለራሴ አንድ ሰውዬ ፈጥሬ ነበር፤ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ፣ ወገቡን የሚያመው፣ ከኋላ የተቀመጡት ጥንዶች ሲጨቃጨቁ እንዳልሰማ ለመሆን የሚጥር። እንደዚያ አድርጌ ተጫወትኩት። ከካሜራው ጀርባ ያለችው ሴት ፈገግ አለች።

«በጣም ቆንጆ። አሁን ደግሞ ትንሽ ጨመር አድርግበት» አለችኝ።

«ምን ልጨምር?»

እጇን በአየር ላይ አሽከረከረች። ቃሉ አልመጣላትም፤ ወይም መጥቶላት ከአፏ ማውጣቱን ፈራች። «ያው... ታውቃለህ... ሞቅ ያለ ነገር።»

አውቃለሁ። እኔን የመሰለ ሁሉ ያውቃል። ቋንቋዬን እንድሰባብረው፣ ዓይኔን እንዳፈጥ፣ ጥርሴን ገልጬ እንድስቅ ነው የፈለገችው። የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ነበር። አደረግኩት። ሥራውንም አገኘሁ።

ፊልሙ ሲወጣ ከእህቴ ልጅ ጋር ገባን። ያኔ 9 ዓመቱ ነው። የእኔ ቦታ ሲደርስ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እሱ አልሳቀም። ስንወጣ «አጎቴ፣ ለምን እንደዚያ አወራህ?» አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። ቀልጄ ያለፍኩት ይመስለኛል።

ሴትየዋን አልወቅሳትም። ክፉ ሰው አልነበረችም። በቀን ስንቱን ሰው ስታይ ትውላለች። ሥራዋ ተመልካቹ ገና ብቅ ሲል «አዎ፣ ይሄ ሾፌር ነው» የሚለውን ሰው ማግኘት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ተመልካቹ ሾፌርን በዚያ ሳቅ እንዲለየው ማን አስተማረው የሚለው ነው። ፊልም ነዋ! እናንተና እኔ ነን ያስተማርነው።

ፍረጃ፣ ስቴሪዮታይፕ የምትሉት ነገር፣ ለጸሐፊ አቋራጭ መንገድ ነው። ሰውን ለማስተዋወቅ ሦስት ገጽ ከመጻፍ የቆዳውን ቀለም ጽፎ ማለፍ ይቀላል። የቀረውን ተመልካቹ ከራሱ ይሞላዋል። ሳቂታዋ ወፍራም ገረድ። ዘላለም የሚያንቀላፋው አሽከር። መርዝ የምትቀምመው እስያዊት። ቋንቋ የሚሰባብረው «ቀይ ሕንድ»። ፈንጂ የታጠቀው ዓረብ። ነጩ ጀግና እንዲተርፍ ቀድሞ የሚሞተው ጥቁር ጓደኛ። ዝርዝሩ ረጅም ነው። ግማሹን እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ።

«ፊልም እኮ ነው፣ ምን አለበት?» ለሚል ሰው አንድ ነገር ላስታውስ። ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ1915 የዲ. ደብልዩ. ግሪፊዝ «ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» ወጣ። ዋና ዋናዎቹን ጥቁር ገጸ ባሕርያት የተጫወቱት ፊታቸውን ጥላሸት የተቀቡ ነጮች ናቸው። ፊልሙ ጥቁሩን አውሬ፣ ኩ ክሉክስ ክላን የተባለውን የነጭ ዘረኞች ቡድን ደግሞ አዳኝ አድርጎ አሳየ። ክላን ያኔ ከሞተ ቆይቷል። በዚያው ዓመት በጆርጂያ ስቶን ማውንቴን ላይ ዳግም የመሠረቱት ሰዎች ጉልበት ያገኙት ከዚህ ፊልም ነበር። ፊልምን የመሰለ ፈጣን አስተማሪ የለም።

አሁን ወደ ተዋናዩ ልምጣ። እንዲህ ያለ ወረቀት እጁ የገባ ተዋናይ እምቢ ሊል ይችላል። እንደተጻፈው ተጫውቶ ሒሳቡን ተቀብሎ ሊሄድም ይችላል፤ እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቁኝ ግን እሺ ብለው ገብተው ገጸ ባሕርዩን ከውስጥ የገለበጡት ናቸው።

ሃቲ ማክዳንኤልን ውሰዱ። በ1939 በወጣው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተጫወተችው ባሪያ ሞግዚት ስም እንኳን የላትም። «ማሚ» ነው የምትባለው። እንደ እሷ ያለችውን ሴት ሁሉ የሚጠሩበት ስም ነው፤ የራሷ አይደለም። ፊልሙ በአትላንታ ሲመረቅ በጆርጂያ የዘር መድልዎ ሕግ ምክንያት ልትገኝ አልቻለችም። ፌብሩዋሪ 29፣ 1940 ሎስ አንጀለስ አምባሳደር ሆቴል ውስጥ ኦስካር ስትሸለም ሆቴሉ ጥቁር እንግዳ አያስገባም ነበር። በልዩ ፈቃድ ገባች። ከሥራ ባልደረቦቿ ተለይታ ግድግዳ ጥግ ካለ ትንሽ ጠረጴዛ ነው የተቀመጠችው። ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ከዚያ ጥግ ተነስታ ነው ወደ መድረክ የሄደችው።

ሚናው ራሱ የፍረጃ ፍረጃ ነው። እንግዲህ ምን እንዳደረገችበት ተመልከቱ። የፊልሙን ዋና ገጸ ባሕርይ ስካርሌትን የምታይበትን ዓይን አስተውሉ። ስትዋሽ የያዘቻትን ልጅ «ንገሪኝ እስቲ» ብላ እንደምታፋጥጥ እናት ነው የምታያት። በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ስካርሌት ልትሸውዳት የማትችለው ሰው እሷ ናት። ደግሞ ደረጃው ላይ ያለው ትዕይንት አለ። የስካርሌት ትንሿ ልጅ ሞታለች። ማሚ የቤተሰቡን ወዳጅ ሜላኒን ይዛ ደረጃውን እየወጣች በቤቱ የሆነውን ትነግራታለች። ካሜራው እየተከተላቸው ይወጣል። ማክዳንኤል ትወጣለች፣ ታወራለች፣ ሳግ ይይዛታል፣ እንደገና ትወጣለች። እርምጃዋና ትንፋሿ እየተጠላለፉ ነው ንግግሩን የሚሸከሙት። እዚያ ቦታ ላይ አስቂኟ ገረድ የለችም። የቤተሰብ መፍረስን ቆማ ያየች ሴት ናት ያለችው።

ይህ ፊልሙን ነጻ አያወጣውም። ፊልሙ የባርነትን ዘመን በናፍቆት ነው የሚያየው። በዘመኑ የጥቁሮች መብት ተሟጋቾች ማክዳንኤልን እንዲህ ያለ ሚና ትጫወታለች ብለው ይወቅሷት ነበር። እሷም ገረድ ከመሆን ገረድን መጫወት ይሻላል፣ ክፍያው አይገናኝም እያለች ትመልስ እንደነበር ይወራል። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው ባይ ነኝ። ከእሷ ቀጥሎ በትወና ኦስካር ያገኘችው ጥቁር ሴት ሁፒ ጎልድበርግ ናት፤ በ1991። ከ51 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን በዓይኗ በር ብትከፍት እናንተ መልሳችሁ ስትዘጉት ይህን ያህል ይቆያል።

በሩ ጨርሶ ያልተከፈተላቸውም አሉ። አና ሜይ ዎንግ ሎስ አንጀለስ የተወለደች፣ ገና በድምፅ አልባው ዘመን ኮከብ የሆነች ቻይና አሜሪካዊት ናት። በ1937 በወጣው «ዘ ጉድ ኧርዝ» ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ቻይናዊት ገበሬ ነበረች። ሁሉም ሚናው ለእሷ የተፈጠረ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን ባልየውን እንዲጫወት የተመረጠው ነጩ ፖል ሙኒ ነበር። የዘመኑ የሆሊውድ የሳንሱር ደንብ ደግሞ በዘሮች መካከል ያለ ፍቅርን አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ቻይናዊቷን ሚስት ነጯ ሉዊዝ ራይነር ተጫወተችና ኦስካር ወሰደች። ለዎንግ የቀረበላት የክፉዋ ቁባት ሚና ነበር። እምቢ አለች። በ2022 የአሜሪካ መንግሥት መልኳን በ25 ሳንቲም ላይ ቀረጸው። ለፊልሙ ያልተስማማ ፊት ለገንዘብ ተስማማ።

ዱዌን ጆንስን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። የእኔ ጀግና ግን እሱ ነው። በ1968 በወጣው የጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ቤን የተባለውን ሰው ተጫወተ። ስክሪፕቱ ላይ ቤን ጥቁር ይሁን ነጭ አልተጻፈም። ያልተማረ፣ አፉ እንደመጣለት የሚናገር የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አዎ፣ እሱም ሾፌር። ጆንስ ኦዲሽኑ ላይ ከሁሉም በለጠና ሚናው ተሰጠው። ራሱ የተማረ የመድረክ ተዋናይና መምህር ነው። የቤንን አነጋገር አልቀበልም አለ። ንግግሩን በራሱ አንደበት ለወጠው። አብረውት የሚሠሩት ሰዎችም ፈቀዱለት።

ውጤቱን እዩት። ከሞት የተነሱ ሙታን ቤቱን ከበዋል። ውስጥ ያሉት ይጮኻሉ፣ ይደነግጣሉ። ቤን ግን ጠረጴዛ እየፈታ፣ ሳንቃ እየመረጠ፣ መስኮት ይመታል። ምስማር ይፈልጋል። እየሠራ ነው የሚናገረው፤ በረጋ ድምፅ፣ ሙሉ ዐረፍተ ነገር። በፊልሙ ውስጥ ማንም ስለ ቀለሙ አንድ ቃል አይተነፍስም። ነጮች የተሞሉበትን ቤት የሚመራ፣ የሚያዝ፣ ሲያስፈልግም የሚማታ ጥቁር ሰው በ1968 አሜሪካ። ሌሊቱን በሕይወት ያልፋል። ጠዋት ላይ የመጡት የታጠቁ ነጮች ከሙታን አንዱ መስሏቸው በጥይት ይገድሉታል። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለው በዚያው ዓመት ነው። ሮሜሮ ያለቀውን ፊልም ጭኖ ወደ ኒው ዮርክ ሲጓዝ ዜናውን በመኪና ሬዲዮ እንደሰማ ተርኳል።

ያ መጨረሻ ቀድሞም ስክሪፕቱ ላይ ነበር። ጆንስ ግን ቤንን ሰው አድርጎ ስለሠራው ሞቱ ሌላ ትርጉም ያዘ። ለተዋናይ ንግግር መለወጥ መፍቀድ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ካላችሁ ንገሩኝ።

ስለ ጥቁሩ ኮከብ ሲድኒ ፖይቲየር ብዙ ተብሏል፤ እኔ አንድ ጥፊ ላይ ብቻ ልቁም። በ1967 «ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት» ላይ መርማሪው ቨርጂል ቲብስ አንድ የእርሻ ከበርቴ አበባ ቤቱ ውስጥ ሄዶ ይጠይቀዋል። ከበርቴው በጥፊ ይመታዋል። ቲብስ ወዲያው ይመልስለታል። ፖይቲየር «ካልመለስኩ አልሠራም ያልኩት እኔ ነኝ» ብሏል፤ የፊልሙ ሠሪዎች ደግሞ ቀድሞም ስክሪፕቱ ላይ ነበረ ብለዋል። ይከራከሩ። እኔ የምወደው ፍጥነቱን ነው። አያስብም፣ አይቆጥርም፣ ዙሪያውን አያይም። እጅ ለእጅ ነው። ያን ፊልም ያላያችሁ ከሆነ ግን በዚያች ሰከንድ ከጀርባ ያለውን ሰው እዩልኝ። ጥቁሩ አሳላፊ መጠጥ የያዘ ትሪ ተሸክሞ ቆሟል። ጄስተር ሄርስተን ይባላል ተዋናዩ። የድሮው ሚናና አዲሱ ሚና በአንድ ክፍል ውስጥ ቆመው ሲተያዩ ማለት ይህ ነው።

ይኸው ገጸ ባሕርይ እዚያው ፊልም ላይ «ሰዎች ምን ብለው ነው የሚጠሩህ?» ሲባል «ሚስተር ቲብስ» ብሎ የሚያንባርቀው ነው። ስም! ማሚ ያልነበራትን።

ፖይቲየርም ቢሆን አላመለጠም። ጥቁሩ ሰው ሁልጊዜ ምሁር፣ ሁልጊዜ ጨዋ፣ ሁልጊዜ እንከን የለሽ ሲሆን ይህም ሌላ ፍረጃ ነው ብለው በዚያው ዘመን የተቹት ጥቁር ጸሐፊዎች ነበሩ። ልክ ናቸው። ዛሬም ከእናንተ የሚመጡልኝ ወረቀቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። ወይ ሌባ ነኝ፣ ወይ የታመመውን ነጭ ልጅ በጥበብ ቃል የማድን የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ሁለተኛው ሲመጣ ስልክ የሚደውልልኝ ሰው «በጣም ፖዘቲቭ ሚና ነው» ይለኛል። መልአክ መሆንም ይሰለቻል እኮ። እኔ እስቲ አንድ ቀን ሚስቱን የሚዋሽ የሒሳብ ሠራተኛ ልሁን።

ስለ ዝምታ ልንገራችሁ። ከ1949 እስከ 1957 በቴሌቪዥን በታየው «ዘ ሎን ሬንጀር» ጄይ ሲልቨርሂልስ ቶንቶን ተጫወተ። ሞሃውክ ከተባለው የሰሜን አሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ነው፤ የተወለደው በካናዳ። ቶንቶ የሚናገረው የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። ከነጩ ጀግና ጎን ቁሞ ዝም ይላል። ያ ዝምታ «የሚናገረው ነገር የለውም» የሚል ዝምታ ሆኖ ተጻፈለት። ሲልቨርሂልስ በ1960ዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለቀደምት አሜሪካውያን ተዋንያን ማሠልጠኛ አቋቋመ። ለዓመታት አፉን የያዙት ሰው ሌሎችን መናገር አስተማረ።

አሁን ወደ 2023 ኑ። በማርቲን ስኮርሴዚ «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» ሊሊ ግላድስቶን ሞሊ የተባለች፣ ኦሴጅ ከተባለው የቀደምት አሜሪካውያን ሕዝብ የሆነች ሴት ናት። አንድ ምሽት ነጩ ሰውዬ ቤቷ ተጋብዟል። ውጭ ዝናብና ነጎድጓድ ወረደ። እሱ አፉ አያርፍም። እሷ ዝም እንዲል ትነግረዋለች፤ ማዕበሉ ኃይለኛ ነው፣ ጸጥ ብለን እንቀመጥ። ይቀመጣሉ። ግላድስቶን ምንም አታደርግም። ትሰማለች ብቻ። ሰውየው ግን ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። ዝም ያለች ቀይ ሕንድ የሚለው ያ አሮጌ ሥዕል እዚህ ጋ ተገልብጧል። ክፍሉን የያዘችው እሷ ናት፣ ዝምታው የእሷ ርስት ነው፣ እንግዳው እሱ ነው። ይህ ግን የተዋናይዋ ችሎታ ብቻ አይደለም። የፊልሙ የመጀመሪያ ስክሪፕት ትኩረቱ ከዋሽንግተን የመጣው ነጭ መርማሪ ላይ ነበር። ጣሉትና እንደገና ጻፉት። ቦታ ሰጧት። በ2024 ለምርጥ ዋና ተዋናይት ኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ቀደምት አሜሪካዊት ሆነች።

ዳንኤል ካሉያም ባለመንቀሳቀስ ነው ያሸነፈው። «ጌት አውት» ላይ፣ በ2017፣ የነጯ ፍቅረኛው እናት ሻይዋን በማንኪያ እያማሰለች ስታፈዘው ካሜራው ፊቱ ላይ ይጠጋል። ፊቱ ድንጋይ ነው። ዓይኑ ፈጦ ቀርቷል። እንባው ብቻ ይወርዳል። ጥቁር ወንድ በፊልም ሲፈራ ስንት ዓመት የሳቅ ማሟያ ሆኖ ኖሯል! ዓይን ማፍጠጥ እኮ ለእኔም የታዘዘልኝ ነገር ነው። ካሉያ ያንኑ የፈጠጠ ዓይን ወሰደና ማንም የማይስቅበት አደረገው። እኔ ያን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር የኦዲሽን ክፍሏ ሴት እጅ ትዝ ይለኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለወጣት ተዋንያን ትንሽ ክፍል አለኝ። ሁልጊዜ የማሠራቸው አንድ ልምምድ አለ። አንዱ ጌታ ነው፣ አንዱ አሳላፊ። ጌታ ካፖርቱን ይሰጣል፣ አሳላፊ «እሺ ጌታዬ» ይላል። አለቀ። ሌላ ቃል መጨመር አይቻልም። ባለፈው ሰሞን አንዲት ልጅ ካፖርቱን ተቀበለች፤ በደማቅ ፈገግታ «እሺ ጌታዬ» አለች። ሰውየው ጀርባውን ሲሰጥ ፈገግታው እንደ መብራት ጠፋ። ካፖርቱን በሁለት ጣቷ ብቻ፣ ከቀሚሷ አርቃ፣ ይዛው ሄደች። ክፍሉ ፀጥ አለ።

እኛ ቅኔ የምናውቅ ሕዝብ ነንና ለዚህ ነገር ስም አለን። ሰሙ «እሺ ጌታዬ» ነው። ወርቁ ሁለቱ ጣቶች። ልጅቱ የገባት ነገር፣ አሳላፊው ራሱ ተዋናይ መሆኑ ነው። ፈገግታው የሥራ ልብሱ ነው፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ያወልቀዋል። ተዋናይ ያ ልብስ ሲወልቅ ለግማሽ ሰከንድ ካሳየ፣ ተመልካቹ ከዚያ በኋላ ፈገግታውን አያምነውም። ፍረጃው እዚያው ጋ ይሰነጠቃል።

ግን ግማሽ ሰከንዱ ካልተቆረጠ ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። እኛ የምንሠራው ነገር ሁሉ በእናንተ መቀስ ሥር ያልፋል። ጥቁሩ አሜሪካዊ ዘፋኝና ተዋናይ ፖል ሮብሰን በ1935 በወጣው «ሳንደርስ ኦፍ ዘ ሪቨር» ላይ ሲሠራ ፊልሙ የአፍሪካን ባህል የሚያከብር መስሎት ነበር። (ከተጨማሪ ተዋንያኑ መካከል በኋላ የኬንያ መሪ የሆነው ጆሞ ኬንያታ ነበረበት፤ በቅንፍ ይቀመጥልኝ።) ተቀርጾ፣ ተጨምሮበት፣ ተቆራርጦ ሲወጣ የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ውዳሴ ሆነ። ሮብሰን ፊልሙን ካደው። በ1942 ደግሞ ሌላ ፊልም ላይ ያው ዓይነት ነገር ሲገጥመው ሆሊውድን በቃኝ ብሎ ወጣ። ያን ድምፅ፣ ያን ቁመና ይዞ!

ቫዮላ ዴቪስም በ2011 «ዘ ሄልፕ» ላይ ገረድ ሆና ሠርታ ለኦስካር ታጨች። በ2018 ሚናውን በመቀበሏ እንደምትጸጸት ተናገረች። አብረዋት የሠሩትን ሰዎች ትወዳቸዋለች። የቆጫት፣ በመጨረሻ የተሰማው ድምፅ የገረዶቹ አለመሆኑ ነው። እንደ ዴቪስ ያለች ተዋናይት ካልቻለች እኔ በሦስት መስመሬ ምን ልሆን ነው?

አንዳንዱ ደግሞ ጨርሶ ወደ እናንተ ወንበር ይሻገራል። ኃይሌ ገሪማ በ1967 አሜሪካ የሄደው ቺካጎ ውስጥ ትወና ሊማር ነበር። በኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ፊልም ሠሪ ሆነ። በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲያወጣ የሚያከፋፍልለት ድርጅት አጣ። ሲኒማ ቤት ራሱ እየተከራየ አሳየው፤ ሕዝቡም መጣ። ሁሉም ተዋናይ ግን ኃይሌ ገሪማ ሊሆን አይችልም። መሆንም የለበትም። አንዳንዳችን መጫወት ብቻ ነው የምንፈልገው።

እንግዲህ የምለምናችሁን ልንገራችሁ። ከባድ ነገር አይደለም። ስክሪፕቱን ሙሉውን ላኩልን። አንድ ገጽ ይዞ የገባ ሰው ከፍረጃ ውጭ ምን ሊያመጣ ይችላል? ሰውየው ለምን እንደሚስቅ ካላወቅኩ ጥርሴን ብቻ ነው ማሳየት የምችለው። «ጨመር አድርግ» ከማለታችሁ በፊት የምትጨምሩትን ነገር በቃል ለመጥራት ሞክሩ። ጮክ ብሎ ለመጥራት የሚያሳፍር ከሆነ አትዘዙት። አነጋገር ስትጠይቁ ሰውየው የየት አገር፣ የየት ከተማ ሰው እንደሆነ ንገሩን፤ «አፍሪካዊ አክሰንት» የሚባል ነገር የለም። ፖይቲየር ባሐማስ ያደገ ነው፤ ወጣት ሳለ በአነጋገሩ ምክንያት ከቲያትር ቤት ተባሮ ሬዲዮ እያዳመጠ ነው አነጋገሩን የለወጠው። እኛን አሁን የምታስገድዱን ሬዲዮውን ዘግተን ወደ ኋላ እንድንመለስ ነው።

ቀለም ያልተጻፈባቸው ሚናዎችንም ክፈቱልን። ቤን እንዲህ ነው የተገኘው። «ኤቭሪቲንግ ኤቭሪዌር ኦል አት ዋንስ» ሲታሰብ ዋናው ገጸ ባሕርይ ለጃኪ ቻን ነበር የታለመው፤ ሠሪዎቹ ሐሳባቸውን ቀይረው ለሚሼል ዮ ሰጡት፣ በ2023 ኦስካር ወሰደችበት። በዚያው ፊልም ባሏን የተጫወተው ኪ ሁይ ኳን በ1984 «ኢንዲያና ጆንስ» ላይ ያያችሁት ትንሽ ልጅ ነው። ሲያድግ ሚና ጠፋና ትወናውን ትቶ ከካሜራ ጀርባ ሲሠራ ኖረ። ያን ሁሉ ዓመት ችሎታው የት ሄዶ ነበር? እሱ ጋ ነበር። የጠፋው ወረቀቱ ነው።

ተዋናዩ «ይህን መስመር እንዲህ ብለው ይሻላል» ሲላችሁ ሰዓታችሁን አትመልከቱ። አንድ ጊዜ በራሱ መንገድ ቅረጹለት። ካልጠቀማችሁ ጣሉት። አሁን በአብዛኛው በዲጂታል ነው የሚቀረጸው፣ እንደ ድሮው የሚባክን ሴሉሎይድ የለም።

የእህቴ ልጅ አሁን አድጓል። እሱም ትወና ይሞክራል፤ አልመከርኩትም፣ አልከለከልኩትምም። የሚቀጥለው ሳምንት እኔም ኦዲሽን አለብኝ። ትናንት ማታ ወረቀቱ መጣ፤ አንድ ገጽ ነው። ገጸ ባሕርዩ «የጥበቃ ሠራተኛ» ይባላል። አራት መስመር አለው፤ ከሾፌሩ በአንድ ይበልጣል። ሌሊት ብቻውን ሆኖ ሕንፃ ይጠብቃል፤ ጀግናዋ ስትገባ ደንግጦ ይነሳል። ከመደንገጡ በፊት ምን ሲያደርግ እንደነበር አልተጻፈም። እኔ ለልጁ ደብዳቤ እየጻፈ ነበር ብዬ ልገባ አስቤያለሁ። ይህን ወረቀት የላካችሁልኝ ሰዎች ደብዳቤዬን ካነበባችሁ፣ ከረቡዕ በፊት አንድ ነገር ብቻ መልሱልኝ። ስሙ ማን ነው?

ከአክብሮት ጋር፣
ሾፌር ቁጥር 2ን የተጫወተው